ከሌላ አገር መጥቶ በሰሜን ሸዋ ሱቅ ለሚከፍት ሰው፦ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ አረርቲ ወይስ መሐል ሜዳ?

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ከቤይሩት ደወለች። «እትዬ፣ ሰባት ዓመት ያጠራቀምኩትን ይዤ ልመጣ ነው። አዲስ አበባ ኪራዩ አይቀመስም። አንቺ ካለሽበት አካባቢ የቱ ከተማ ይሻለኛል?» አለችኝ። በስልክ የሚመለስ ጥያቄ ስላልነበር ጻፍኩላት፤ ይኸው አስፋፍቼዋለሁ። እኔም በ2006 ኅዳርና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከሳዑዲ ከተመለስነው ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ነኝ። የተወለድኩት አርሲ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድም ዘመድ ሳይኖረኝ መጀመሪያ ሸዋ ሮቢት፣ ኋላ ደብረ ብርሃን ሱቅ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ከሰረ፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ያኖረኛል።

ለማን እንደጻፍኩም ልናገር። ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ጥሪቱን ይዞ የመጣ፣ የአዲስ አበባ ኪራይ ያስመረረው፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የተጠለለ ባለሙያ፦ ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው፣ በሚነግዱበት ከተማ አያታቸውን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። «መጤ» የሚሉ አሉ። ቃሉን አልወደውም፤ ስጠራበትም አሞኛል። እኔ እንግዳ ነጋዴ እላለሁ። እንግዳ ነጋዴ ደግሞ ለሸዋ አዲስ አይደለም። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ትልቅ ገበያ በነበረችበት ጊዜ የሐረር ነጋዴዎች ቤት ይዘው ይኖሩባት ነበር፤ ከጠረፍ በግመል የመጣው ጨውና ጨርቅም ከቆላው ጫፍ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በአባቶቻችን ዘመንም በየትንሹ ከተማ «ዓረብ ቤት» የሚባል የየመኖች ሱቅ አይጠፋም ነበር።

መለኪያዎቹ

አብዛኛው ሰው ከተማ የሚመርጠው በገበያ ቀን ሄዶ ሕዝቡን አይቶ ነው። እኔም ሸዋ ሮቢትን የመረጥኩት እንደዚያ ነው። የሄድኩት በየካቲት ነበር። ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ ደላላው ብር በብብቱ ይዞ ይሮጣል፤ ገበሬው ፍራሽ አሸክሞ ቴርሞስ አንጠልጥሎ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ኪራይ ተዋዋልኩ። ነሐሴ ላይ በዚያው ደጃፍ ቁጭ ብዬ ሂሳብ ስሠራ የቀኑ ሽያጬ ለሁለት ሰው ምሳ አይበቃም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውና ትልቁ መለኪያዬ ይህ ነው፦ ከተማው በክፉ ወሩ ምን ይመስላል?

ክረምት ለሁሉም ነጋዴ ቢከብድም ለእንግዳ ይብሳል። ሐምሌ ሲገባ የግብር ወቅት ይጀምራል። የንግድ ፈቃድ እድሳትም የሚከፈተው ሐምሌ 1 ነው፤ እስከ ታኅሣሥ 30 ጊዜ አለው፣ ግን መዘንጋት የለበትም። ጳጉሜን ላይ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል። ገበሬው በዚያው ሰሞን ያለውን ለማዳበሪያና ለዘር አውጥቷል፤ ጎተራው ተሟጧል። ተወላጁ ነጋዴ ይህን ጊዜ ከአጎቱ ተበድሮ፣ ከእናቱ ቤት እህል አስመጥቶ ያልፈዋል። እንግዳው ከማን ይበደራል? ከራሱ ሱቅ ይበላል። ከሱቁ የበላ ነጋዴ ደግሞ ጥቅምት ላይ ገበያው ሲመለስ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው መለኪያ ዱቤና ዋስ ነው። በትንሽ ከተማ ያለ ዱቤ መነገድ ዘበት ነው። የአገሩ ልጅ ማን እንደሚከፍል ከልጅነቱ ያውቃል፤ እምቢ ሲልም በማን በኩል አለስልሶ እንደሚያስነግር ያውቃል። እንግዳ ሁለቱንም አያውቅም። የሸዋ ሮቢት የዱቤ ደብተሬን እስካሁን አልጣልኩትም። አንዱ ገጽ ላይ «ፍራሽ 1፣ ብርድ ልብስ 1፣ ሽንኩርት ሲሸጥ» ይላል፤ ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ሽንኩርቱ ተሸጠ፤ ግን ዋጋው በወደቀበት ሳምንት ነበርና የለቃሚ ጉልበት እንኳ አልሸፈነም። ሰውየው አልካደኝም። አፍሮ በሱቄ በኩል ማለፍ ተወ። ገንዘቡንም ደንበኛውንም አጣሁ። ያኔ የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ መካከል ቢገባ ኖሮ በሁለት ዙር ከፍሎ ዛሬም ደንበኛዬ ይሆን ነበር።

ዋስ የሚያስፈልገው ለዱቤ ብቻ አይደለም። እቁብ ገብታችሁ ዕጣ ቢወጣላችሁ «ዋስ አምጡ» ትባላላችሁ፤ ዋስ የሌለው እንግዳ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ እንዲወስድ ይደረጋል። በቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ፣ የተለመደው አነስተኛ ብድርም በቡድን ዋስትና ነው፤ ቡድን የሚሆነው ደግሞ የሚተዋወቅ ሰው ነው። ስለዚህ ከተማን ስትመርጡ «እዚህ ለእኔ ዋስ የሚሆን ሰው በስንት ጊዜ አገኛለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ዕቃ የሚመጣበት መንገድ ነው፤ ከመርካቶ ርቀቱ፣ የጭነቱ ዋጋ፣ መንገዱ ሲዘጋ ሌላ መውጫ መኖሩ። ብር ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይህ መለኪያ ከፍ ብሏል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሸጣችሁ በዚያው ገንዘብ ያንኑ ያህል መልሳችሁ ላትገዙ ትችላላችሁ። የሩቅ ከተማ ነጋዴ በአንድ ዙር ብዙ ስለሚያመጣ ዋጋ ሲዋዥቅ ጉዳቱም ጥቅሙም ይበዛበታል።

አራተኛው ወረቀት ነው። ከከተማ ከተማ የማይለይ ስለሆነ በኋላ ለብቻው አመጣዋለሁ። አምስተኛው ጸጥታ ነው። ከ2015 ክረምት ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበትን፣ ሱቅ የሚታጠፍበትን ቀን አብዝቷል። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ያኔ ክፍያ ያላቋረጥነው ቴሌብርን በ*127# ስለተጠቀምን ነው። ይህን ቁጥር ልጅም አዛውንትም ደንበኛችሁ እንዲለምደው አድርጉ።

አታዬን በንጽጽሩ ውስጥ አላስገባሁም። ከተማዋ በ2013 ሚያዝያ ስትቃጠል ንብረታቸውን ያጡ ነጋዴዎች አሁንም መልሰው እየሠሩ ነው። እዚያ ሥር የሌለውን ሰው ሂድ ለማለት አልደፍርም።

ደብረ ብርሃን፦ የወር ደሞዝ ከተማ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታዋ 2,840 ሜትር ገደማ። ከሌሎቹ አራት የሚለያት ብርዷ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቧ በእህል ወቅት ሳይሆን በወር መጨረሻ መግባቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው አለ፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ሁለቱ ቢራ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ደሞዝተኛ ነሐሴም ላይ ዳቦ፣ ዘይትና ሳሙና ይገዛል። ለእኔ ከኪሳራ መውጫ የሆነኝ ይህ ነው። ክረምት ላይ የሚቀንሰው ተማሪ ላይ የተመሠረተ ሥራ ነው፤ ፎቶ ኮፒ፣ ርካሽ ምግብ ቤት፣ የተማሪ ኪራይ።

የብርዱን ነገር ቀላል አታድርጉት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይወርዳል። ማታ ደጅ የረሳሁት ጀሪካን ጠዋት አፉ ላይ ስስ በረዶ ይዞ አግኝቻለሁ። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ወደ ሱቅ የሚመጣ የለም፤ ሰው ፀሐይ ይጠብቃል። ስለዚህ በጠዋት ከፍታችሁ መብራት ከምታቃጥሉ ማታ አምሹ። በተቃራኒው ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ የፕላስቲክ ቦት፣ ትኩስ ነገር ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል። ቁርስ ቤት ለሚከፍት ሰው ብርዱ ደንበኛ ጠሪ ነው።

ለእንግዳ ትልቁ ጥቅሟ ማንም የማን ልጅ እንደሆናችሁ አለመጠየቁ ነው። ግማሹ ሰፈር ራሱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ዱቤም ከሌሎቹ ያነሰ ነው፣ ቢኖርም በደሞዝ ቀን ይከፈላል። ጉዳቷ ግን አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ነው፦ አዲስ አበባ መቅረቧ። ሰው ፍሪጅ፣ ሶፋ፣ የሠርግ ልብስ ሲፈልግ በጠዋት መኪና መርካቶ ሄዶ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ እዚህ የሚሸጠው ለመንገድ የማያበቃ ዕቃ ነው፤ ሰው ለአንድ እሽግ ሳሙና፣ ለቧንቧ መፍቻ፣ ለስልክ ቻርጀር አዲስ አበባ አይሄድም። ኪራይም ከአምስቱ ከተሞች ከባዱ እዚሁ ነው። በዋናው አስፋልት ዳር ከምትታገሉ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከፋብሪካዎቹ አካባቢ ወዳሉት የመኖሪያ ሰፈሮች ገባ በሉ።

ሸዋ ሮቢት፦ ብዙ የሚሰጥ፣ ብዙ የሚወስድ

ከአዲስ አበባ ወደ 220 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 1,280 ሜትር አካባቢ፣ ቆላ ነው። የሮቢን ወንዝ ይዘው በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ሽንኩርት ያመርታሉ፤ ማሾ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ፍራፍሬ አለ። በአንድ ጥሩ ወር የሚዘዋወረው ገንዘብ ደብረ ብርሃንን ያስንቃል። ግን የሽንኩርት ዋጋ በሳምንት ውስጥ ግማሽ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ሲወድቅ ከገበሬው ጋር ባለሱቁም ይወድቃል።

ስለ ሙቀቱ የሚነግራችሁ ስለማይኖር እኔ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጭነቴ ውስጥ አራት ካርቶን ሻማ ነበር። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ለሁለት ሳምንት አስቀመጥኩት። ልሸጥ ስከፍተው ሻማዎቹ ተጣብቀው እንደ ቀስት ጎብጠዋል። በቢላ ብለያያቸውም ማን ይገዛል? ቸኮሌት፣ ቅባትና መድኃኒት ነክ ነገር ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ኮርኒስ የሌለው ቤት አትከራዩ። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማው ይተኛል፤ ገበያው ጠዋትና ማታ ነው።

ነገር ግን ከሌሎቹ የምትበልጥበት አንድ ነገር አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለባት ከተማ ናት፤ በዓሉም ሁለት ዓይነት ነው። ዐቢይ ጾም ላይ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ሌላው ይገበያያል፤ ረመዳን ሲገባ ቴምርና ዱቄት ይሄዳል፤ ፋሲካና ኢድ በየተራ ልብስ ያስገዛሉ። ወደ ሰሜን ሲኬድ ያለው የሰንበቴ የእሑድ ገበያም አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አማራውን የሚያገናኝ ነው፤ ልብስና ፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ከሱቁ ውጭ እዚያ ድንኳን ቢዘረጋ ክፉ ወሩን ያሳጥራል። እኔ ይህን የተማርኩት ሱቁን ልዘጋ ሁለት ወር ሲቀረኝ ነው።

ስለ ጸጥታው፦ በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ደርሶ ሱቆች ተዘርፈዋል። ከዚያ ወዲህም መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በአንድ ዙር መጋዘን ሙሉ ዕቃ የሚያከማች ሰው እንቅልፍ አይኖረውም። አነስ አድርጋችሁ ቶሎ ቶሎ አምጡ።

ሌላው ያቃጠለኝ የኪራይ ነገር ነው። ቤቱን አሳድሼ፣ ሊሾ አስደርጌ፣ መደርደሪያ ባሠራሁ በስምንተኛው ወር አከራዬ ኪራዩን ጨመረብኝ። ውሌ የአንድ ዓመት ቢሆንም ስለ ጭማሪ አንድ ቃል አልነበረውም። ዛሬ ቢሆን ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር አስጽፋለሁ፦ ኪራይ መቼና ቢበዛ በስንት እንደሚጨምር፣ ያሳደስኩት ከኪራይ የሚታሰብ መሆኑን፣ ከመልቀቄ በፊት ስንት ወር እንደሚነገረኝ።

ደብረ ሲና፦ የመንገደኛ ከተማ

ጣርማ በርን አልፎ፣ ጣሊያን የቦረቦረውን ዋሻ ወጥቶ ጠመዝማዛውን ሲወርዱ የምትገኝ ናት፤ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል። ገንዘቧ በየቀኑ ይገባል፤ የሚገባው ግን ከመኪና ወርዶ ቶሎ ከሚሄድ ሰው ነው። ዱቤ ስለሌለ እንግዳ ለሆነ ሰው ቀላል ናት። ቁርስ፣ ሻይ ቡና፣ ጎሚስታ፣ የስልክ ዕቃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ያለው ትንሽ ምግብ ቤት ያዋጣል። ቆሎ ውስጥ አትግቡ። የደብረ ሲና ቆሎ የታወቀው በሴቶቹ እጅ ነው፤ አቆላሉንም ደንበኛውንም ከእናቶቻቸው የወረሱ ናቸው፤ ከእነሱ ገዝታችሁ ብትሸጡ ግን ይወዷችኋል። ጉዳቷ አንድ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ከተማዋ ፀጥ ትላለች፤ ሌላ ገቢ የላትም ማለት ይቻላል።

አረርቲ፦ ገበያው አዳማ፣ ወረቀቱ ደብረ ብርሃን

ምንጃር ሸንኮራ በጤፉና በሽምብራው የታወቀ አገር ነው፤ አረርቲ የሚባል የሽምብራ ዝርያ እስከመኖር ደርሷል። ከጥር እስከ ሚያዝያ የምንጃር ገበሬ ኪሱ ሙሉ ነው፤ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ የቤት ዕቃ፣ ስልክ፣ ሶላር ይገዛል። የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ዕቃ በሞጆ በኩል ስለሚመጣ ከሰሜኑ መንገድ መዘጋት ነፃ መሆኑ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

እንግዳን ግራ የሚያጋባው የአስተዳደሩ ነገር ነው። ሕዝቡ የሚገበያየው ከሞጆና ከአዳማ ጋር ነው፤ ወረዳው ግን በሰሜን ሸዋ ዞን ሥር ስለሆነ ከወረዳ በላይ የሚሄድ ጉዳይ ደብረ ብርሃን ይወስዳችኋል። ትልቅ ካፒታል ይዞ የግንባታ ዕቃ ወይም የእርሻ ግብዓት ለሚከፍት ሰው ከአምስቱ የምመርጠው ይህን ነው። ክረምቱን ግን ጭቃው ስለሚይዘው የገጠሩ ደንበኛ ይጠፋል፤ የአራት ወር ስንቅ መያዝ ግድ ነው።

መሐል ሜዳ፦ ለባለሙያ

ከጣርማ በር ወደ መንዝ ታጥፎ ሞላሌን አልፎ የሚገኝ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ደጋ ነው። ገንዘቡ ከበግ ነው፤ ለገና፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ በጉ ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ከተማው ይሞቃል። የእንቁጣጣሹ በግ ነሐሴ ላይ ስለሚሸጥ፣ በቀናው ዓመትም የበልግ እህል ስላለ፣ ክፉ ወሩ እንደ ሸዋ ሮቢት አይከፋም። ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። የመጀመሪያው ዓመት ለእንግዳ ከባድ ነው፤ አንዴ ከለመዷችሁ ግን ሌላ ሱቅ አይሄዱም። ለሸቀጥ ነጋዴ መንገዱ ሩቅ ነው። ስልክ ጠጋኝ፣ ልብስ ሰፊ፣ ብየዳ፣ ፀጉር ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን ጭነት ስለማያስፈልገው ያዋጣዋል።

በአጭሩ

| ከተማ | ገንዘብ የሚገባው | ክፉ ወር | ዱቤ | ዕቃ ማምጣት | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ደብረ ብርሃን | በወር ደሞዝ | ቀላል፤ የተማሪ ሥራ ብቻ ይቀንሳል | ያነሰ | ቅርብ | የዕለት ፍጆታ፣ ቁርስ ቤት፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ |
| ሸዋ ሮቢት | በመስኖና በመኸር ምርት | ከባድ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም | ብዙ | መካከለኛ፤ መንገድ ይዘጋል | ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ ዋስ ላለው ሰው |
| ደብረ ሲና | በየቀኑ ከመንገደኛ | መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሁሉ | የለም ማለት ይቻላል | መካከለኛ | ምግብ፣ ጎሚስታ፣ የስልክ ዕቃ |
| አረርቲ | ከጥር እስከ ሚያዝያ | ከባድና ረጅም | ብዙ፣ በምርት ይከፈላል | ቅርብ፣ በሞጆ በኩል | የግንባታ ዕቃ፣ የእርሻ ግብዓት |
| መሐል ሜዳ | በበዓላት የበግ ሽያጭ | መካከለኛ | ብዙ፣ ግን የታመነ | ሩቅ | የእጅ ሙያ |

ወረቀቱ፦ ሦስት ዓይነት እንግዳ

ኢትዮጵያዊ ዜግነት ያለው ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ 980/2008 መሠረት እንደማንኛውም ሰው ይመዘገባል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተረጋገጠ የኪራይ ውል፣ መታወቂያ ያዙ። የፋይዳ (የዲጂታል መታወቂያ) ምዝገባችሁን ገና ሳትጀምሩ ጨርሱ፤ ባንክ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ከተማ የምትቀይሩ ከሆነ ከቀድሞው ቦታ የግብር ክሊራንስ ሳትይዙ ዕቃችሁን አትጫኑ። እኔ ዕቃዬን አስቀድሜ ጭኜ ክሊራንሱን ስከታተል ስድስት ሳምንት ሁለት ኪራይ ከፍያለሁ።

የሌላ አገር ፓስፖርት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ 270/1994 ቢጫ ካርድ አውጥቶ ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ መኖርና መሥራት ይችላል፤ በኢንቨስትመንት ሕጉም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን መምረጥ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ካርድ ሳያወጣ በወንድሙ ወይም በአጎቱ ልጅ ስም ፈቃድ ያወጣል። እባካችሁ አታድርጉት። ፈቃዱ በስሙ ያለው ሰው ነው ባለቤቱ፤ ዘመድነት ሲበላሽ የሚመሰክርላችሁ ወረቀት የለም።

የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ የውጭ ዜጋ ያገባችሁ ካላችሁ፣ በኢንቨስትመንት አዋጅ 1180/2012 መሠረት ለብቻው ሲሆን 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በሽርክና ሲሆን 150,000 ዶላር መነሻ ካፒታል ይጠየቃል። በ2016 የወጣው መመሪያ 1001 የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ቢከፍትም ያወጣው መስፈርት ለትልልቅ ኩባንያ ነበር። ትንሽ ሱቅ በዚህ መንገድ አይከፈትም።

እንደ አቅማችሁና እንደ ሁኔታችሁ

አቅማችሁን በብር አትለኩት፤ በወር ለኩት። የስድስት ወር ኪራይ፣ ሁለት ዙር ዕቃ፣ የአራት ወር የቤት ወጪ ስንት ይሆናል?

ሦስቱንም የማይችል፣ ዘመድም የሌለው ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰፈር ገብቶ በዕለት ፍጆታ ይጀምር፤ ቦታው ጠባብ ቢሆንም ደሞዝ ያድነዋል። ሙያ ካለው ሱቁን ትቶ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ደብረ ሲና ይሂድ። ልጆች የምታስተዳድርና የነገን ሽያጭ መጠበቅ የማትችል እናት ደብረ ሲና የዕለት ገቢ ታገኛለች፤ ግን መንገድ ለተዘጋበት ሳምንት የምትበላውን ለይታ ታስቀምጥ።

ሦስቱንም የሚችል፣ ደግሞም በአካባቢው የሚያውቀው አንድ የተከበረ ሰው ያለው፣ ሸዋ ሮቢትን ይሞክር። ያ ሰው ባለሀብት መሆን የለበትም፤ የእድር ዳኛ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ኢማም፣ ጡረታ የወጣ መምህር ቢሆን ይበቃል። ሱቁን ከመክፈታችሁ በፊት እድር ግቡ፤ ለቅሶ ላይ ድንኳን አብራችሁ ካልተከላችሁ ማንም ዋስ አይሆናችሁም። ትልቅ ካፒታል ይዞ ሁለት ክረምት መታገሥ የሚችል ወደ አረርቲ ይሂድ።

ውጭ ምንዛሪ ይዛችሁ ከመጣችሁ በአንድ ጊዜ አትመንዝሩት። የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍታችሁ የሁለተኛውን ዙር ዕቃ እዚያው አስቀምጡ። ከአገር ቤት ሲሰሙ የሚደውሉ ብዙ ናቸው፤ ለሱቁ የመደባችሁትን ከቤተሰብ ድጋፍ የሚለየው ሌላ ሒሳብ መሆኑ ብቻ ነው። ለእኔ የመጀመሪያው ሱቅ ከሽንኩርቱ ባልተናነሰ የተሟጠጠው በዚህ ነው፤ ለማንም እምቢ ማለት አልቻልኩም ነበር።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ለሚያዝያ ነበር ትኬት የቆረጠችው። ወደ ነሐሴ እንድታዞረው ለምኛት አዞረችው። ነሐሴ 10 ትገባለች። በማግስቱ ሸዋ ሮቢት ወርደን መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ እንቀመጣለን፤ ከፊት ለፊት ካሉት አምስት ሱቆች ዕቃ ይዞ የሚወጣውን ሰው በደብተር እየቆጠርን። በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ላይ ያንኑ እናደርጋለን። ኪራይ የምትዋዋለው ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ ካየች በኋላ ነው።